እጅ የማይነካው ሳጥን

ሰፈሩ «ልየው» ይላታል። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን የነገሯትን ሁሉ «እስቲ ልየው» ብላ ስለምትቀበል ቅጽል ስሙ ስሟን ዋጠው። ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኛ «ቀለሙ አይለቅም» ሲላት የጨርቁን ጫፍ በውኃ አርጥባ ነጭ ቁራጭ ላይ ታሸዋለች። አዲስ ዚፕ ከመስፋቷ በፊት ደጋግማ ከፍታ ትዘጋዋለች። ባል ያላገባችው በዚሁ ጠባይዋ ነው የሚሉ አሉ። እሷ ደግሞ «ጠርጥሬ የከሰርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም» ትላለች።

ሳትጠራጠር የምታምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟን። በልጅነቱ ታሞ ዓይኑ ጠፋ፤ እናታቸው ስትሞት እሷው አሳደገችው፣ እሷው አስተማረችው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ከዋናው መንገድ ማዶ ባለ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነው። ጠዋት ነጭ በትሩን ይዞ ብቻውን ይወጣል፣ ማታ ብቻውን ይገባል። ከደመወዙም ከሥራውም በላይ የሚኮራው በዚህ ነው። ዜብራው ጋ ሲደርስ የትራፊክ መብራቱ ምሰሶ ላይ ያለውን ቁልፍ በመዳፉ ተጭኖ ይጠብቃል። ቁልፉ ይርገበገባል። መርገብገቡ ሲፈጥን መኪኖቹ ቆመዋል ማለት ነው፤ ይሻገራል።

አንድ ሰሞን የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መጥተው ቁልፉን ነቀሉና በቦታው ለስላሳ ሳጥን ሰቀሉ። በሽታ በእጅ እንዳይተላለፍ ነው ተባለ። ከእንግዲህ መጫን፣ መነካካት የለም፤ እጅን ከፊቱ ማወዛወዝ ይበቃል፤ መብራቱ ራሱ ይለወጣል።

ልየው ሥራዋን ጥላ ሄደች። ሳጥኑ መሃሉ ላይ የጠቆረች ክብ መስታወት አለችው።

«ይቺ ካሜራ ናት» አለችው መሰላሉን የሚያጥፈውን ቴክኒሺያን።

«ካሜራ አይደለም፣ እህቴ። ሴንሰር ነው። እጅ ሲቀርበው ያውቃል፣ በቃ።»

«ካላየ በምን ያውቃል?»

«ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩ እጅሽ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ያውቃል።»

«ጨረር!» ብላ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ምሰሶ አጠገብ ያለፈችው እጇን ሳታወጣ ነው።

ማታ ወንድሟ ሲገባ ኮቱን እየተቀበለች «ያ ሳጥን እንዴት ነው?» አለችው።

«አሪፍ ነው፣ እታለም። እንደውም ከድሮው ይሻላል።»

መልሱ ፈጠነባት። ልየው የስፌት መኪናዋ ክር ሊበጥስ ሲል ከድምፁ ታውቃለች፤ የወንድሟንም ድምፅ እንደዚያው ነው የምታውቀው። ኮቱን ሰቀለችለት፤ ነገሩን ግን ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ማምሸት ጀመረ። ስትጠይቀው «ሥራ በዛ» ይላታል። አንድ ቀን ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ፤ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ቤት ግን መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው። ጥግ ላይ የሚሠራው ጫማ ጠጋኝም «ወንድምሽ ሰሞኑን በላይ በኩል ነው የሚመጣው፤ ዘመድ አገኛችሁ እንዴ እዚያ?» አላት። ልየው መርፌዋን አስቀመጠች። መጠጥ ይሆን? ኮቱን አሸተተችው፤ ከአቧራ በቀር ምንም የለውም። ሴት ይሆን? ሴትስ ብትሆን ምን ያስደብቃል?

መሥሪያ ቤቱ ደውላ የመውጫ ሰዓት ተቀይሮ እንደሆነ ልትጠይቅ ወሰነች። ድምፅዋን አቅጥና «ጤና ይስጥልኝ፣ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነበር» አለች።

«እታለም? ምነው በደህና?»

ኦፕሬተሩ ማን መሆኑን በንዴቷ ረስታው ኖሯል። ጆሮዋ እስኪግል አፍራ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ሱቋን ቀደም ብላ ዘግታ ተሻገረችና ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ጥላ ሥር ቆመች። ወንድሟ በትሩን እያንኳኳ ወጣ። አካሄዱ የሚያሳስብ አልነበረም። ዜብራው ጋ ደረሰ፣ ምሰሶውን አገኘ፣ ሳጥኑን ዳሰሰና እጁን ከፊቱ አወዛወዘ። ከዚያ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

መብራቱ ለእግረኛ አረንጓዴ ሆነ። ሰው ተሻገረ። እሱ ቆሟል። መዳፉ ሥር የሚርገበገብ ነገር የለም፤ ድምፅ የለም። ሰዎቹ መሄዳቸውን ሰምቶ እግሩን ከጠርዙ ሲያወርድ መብራቱ ቀይ ሆኗል። አንድ ታክሲ በጥሩምባ ጮኸበት። ወደ ኋላ ዘለለ። ያን ጊዜ ልየውን ከታክሲው ጩኸት ይልቅ ያንገበገባት ፈገግታው ነው፤ ሰው ሳያየው አይቀርም ብሎ፣ ምንም እንዳልሆነ ለማስመሰል ለባዶው አየር ፈገግ አለ። ኮቱን አስተካከለና ወደ ላይ አቀና። አስፋልቱ አልቆ የሕንፃ ሥራ ያቦካውን ጭቃ አቋርጦ፣ አሮጌው ቁልፍ ገና ወዳልተነቀለበት ወደ ሩቁ ዜብራ መሆኑ ነው።

ልትጠራው ፈለገች፤ ከጠራችው ተከትላው እንደነበር ሊያውቅ ነው። ዝም ብላ ከኋላው ሄደች። ጭቃው መሃል ሲደርስ ቆመ።

«እታለም፣ ኪስሽ ውስጥ መቀሱና የሱቁ ቁልፍ እየተጋጩ ነው» አለ ሳይዞር።

ልየው እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ መቀሱን ጨበጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትከተዪኝ?»

«አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትዋሸኝ?»

በአጠገባቸው አሸዋ የጫነ መኪና አለፈ።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አለ። «ከነገ ጀምሮ እጄን ይዘሽ ታሻግሪኛለሽ። አንዴ ከያዝሽ ደግሞ አትለቂኝም።»

እውነቱን ነው። ገና መድኃኒት ቤቱ ጋ ቆማ ጠዋትና ማታ ሱቅ የምትዘጋበትን ሰዓት እያሰበች ነበር።

«እኔ እኮ ሴት ይዞ ነው ብዬ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ምነው በሆነ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ፤ እሷም አብራው ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ልትጮህባቸው ተነሥታ ነበር፤ እሱ «ጉዳዩ የእኔ ነው» ብሎ ከለከላት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይደውላል። አንዱ ለሌላው ያስተላልፈዋል፤ እሱ ግን ሰው ሲያስተላልፍ የኖረ ነው፣ ማን ሊያዞረው እንደፈለገና ማን ሊረዳው እንደሚችል ከአነጋገራቸው ይለያል። ከብዙ መመላለስ በኋላ አንዲት መሐንዲስ መጥታ አብራው ዜብራው ላይ ቆመች። ከሳጥኑ ጋር የሚርገበገብ ክፍል አብሮ መጥቶ ነበር፤ ግን አልተቀጠለም። ለምን ስትል የጠየቀችው ሁሉ ሌላውን ጠቆመ። ልየው ይህን ስትሰማ «ሳጥኑን ሳይሆን ሰቃዮቹን ነበር መጠርጠር!» አለች። መሐንዲሷ ግን «አስቀጥልልሃለሁ» ብላው ነበርና ቃሏን ጠበቀች፤ ክፍሉ ተቀጠለ።

በመጀመሪያው ቀን ብቻውን ሊሻገር፣ እሷም ከሱቋ ላትወጣ ተስማሙ። ልየው ቃሏን አክብራ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ የሰፋችው ሁሉ ግን ጠማማ ሆኖባት መልሳ ፈታችው።

የሆነውን ኋላ የነገራት ማታ ዜብራው ጋ የነበረው ጫማ ጠጋኙ ነው። ወንድሟ እጁን አወዛወዘ፣ መዳፉን አሳረፈ፣ ሳጥኑ ተርገበገበ፣ መርገብገቡ ፈጠነ። እሱ ግን አልተሻገረም። ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ «እታለም፣ ካለሽ ውጪ!» አለ።

ዘንቢል የያዘች ሴት ደንግጣ «ማን ጠፍቶብህ ነው፣ ወንድሜ?» አለችው።

«ጠፍታ አይደለም፤ ተደብቃ ነው።»

ሁለተኛውን አረንጓዴም በጆሮው ሲፈልጋት አሳለፈው። በሦስተኛው ተሻገረ።

ሱቋ ሲገባ ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም። «የት ዋልሽ?»

«እዚሁ።»

በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ስፌት መኪናዋ ጎንበስ አለና ሞተሩን በመዳፉ ዳሰሰው። ሞተሩ ሲሠራ ውሎ ትኩስ ነበር። ያኔ ነው ኮቱን ያወለቀው።