ዋጋ ያልተጠራለት ክፍል

ብዙ ነገር እፈራለሁ። መብረቅ እፈራለሁ፣ ከመሸ በር ሲንኳኳ እፈራለሁ፣ መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ እፈራለሁ። እንደ «የፈለግሽውን» የሚያስፈራኝ ቃል ግን የለም። ደብረ ታቦር ውስጥ ቤት ያሠራ ሰው ይረዳኛል።

ነገሩ የጀመረው አባቴ ሁለቱን በሬዎቻቸውን ሸጠው ከጉና ተራራ ሥር ወደ ከተማ የገቡ ዕለት ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን እሳት ሲያነዱ እጃቸው ተቃጥሏል። ከእኔ ሌላ ልጅ ስለሌላቸው መምጣታቸው ግድ ነበር። የበሬዎቹን ብር በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው መዳፌ ላይ ፈቱት።

«ከቤትሽ ጎን አንዲት ክፍል አሠሪልኝ» አሉኝ። «ከዚህ ሌላ የለኝም።»

በሬዎቹን፣ ቀዩንና ቡሬውን፣ ከጥጃነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ለአባቴ የቀሯቸው ሁለቱ በሬዎች ነበሩ። አሁን እነሱም በእኔ እጅ ላይ ናቸው።

አስተማሪ ነኝ፤ ልጄን ለብቻዬ ነው የማሳድገው። ቤቴ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ የሚቀጠለውም ክፍል ያው እንጨት፣ ጭቃና ቆርቆሮ ነው። ብሩ ከቆርቆሮው በፊት ቢያልቅ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከትምህርት ቤት በምመለስበት መንገድ ዳር አንዲት ሴት ግድግዳ አቁማ ለጣራው ብር አጥሯት ነበር። አንድ ክረምት ዘነበበት። አሁን የቀሩት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው፤ ጭቃው ተንዶ ሣር በቅሎበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ስለዚህ እንደ ብልህ ሰው ዋጋ ላጠያይቅ ተነሣሁ። መጀመሪያ የመጣው ገበያው አጠገብ የሚኖር አናጺ ነው። ግቢውን ለካ፤ አዲሱ ጣራ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት ላይ አሸንዳ ካልተደረገ ውሃው አባቴ አልጋ ላይ እንደሚወርድ ነገረኝ፤ ከዚያ የእጁን ዋጋ ጠራ። ስሰማው አንደኛው በሬ እዚያው ግቢዬ ውስጥ የታረደ መሰለኝ። ሁለተኛው ርካሽ ነበር፣ በጣም ርካሽ፤ ነገር ግን ሥራው ሳይጀመር ግማሹን ቀብድ ካልሰጠሽኝ አለ። እያነጋገረኝ ስልኩ ይጠራል፣ ቁጥሩን አይቶ ድምፁን ያጠፋዋል። ቀብድ ተቀብሎ የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው ብዬ ጠርጥሬ በትሕትና ሸኘሁት።

ከመጀመሪያው ጋር ተከራክሬ፣ ትንሽ አስቀንሼ፣ ልዋዋል ስል አበልጄ ሰማ። አበልጄ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ ሰው ነው፤ ሙያውም አናጺነት ነው። ለምን መጀመሪያውኑ እሱን አልጠራሽም ብትሉኝ፣ አበልጅን ዋጋ መጠየቅ ስለሚያስፈራ ነው። እኛ ዘንድ ከወንድም ጋር ተጣልቶ መታረቅ አለ፤ ከአበልጅ ጋር መቀያየም ግን ነውርም ኃጢአትም ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጋዙን በትከሻው አንጠልጥሎ ግቢዬ መሐል ቆመ። እኔ እያለሁ ባዳ ልታሠሪ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ በጣም ቅር ብሎታል። ዋጋውን በጨዋታ አስመስዬ ላነሣ ስሞክር እጁን አወናጨፈ።

«ምን ነክቶሻል አበልጄ? በእኔና በአንቺ መካከል ደግሞ ዋጋ? የፈለግሽውን ትሰጪኛለሽ።»

ይኸው፣ ቃሉ መጣ። ትንሽ ብሰጠው ስሜ በየለቅሶ ቤቱ ይነሣል፤ ብዙ ብሰጠው የአባቴ በሬዎች አለቁ። ልኩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይናገርም። ለዚያኛው አናጺ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ጥሩ ነበር። ቋሚው ተተከለ፣ ማገሩ ተመታ፣ ጭቃው በጭድ ተቦክቶ ተመረገ። አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው እየዞሩ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳስሱታል፤ ደስ ብሏቸዋል። ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር የእኔም ፍርሃት አብሮ ከፍ ይላል። ምሳ ሳቀርብለት አበላሉን እሰልላለሁ። ዝም ካለ የሚጠይቀኝን ብር እያሰላ ነው እላለሁ፤ ከሳቀ ደግሞ ይኼ ሰው ምን አስቦ ነው የሚስቀው እላለሁ። አንድ ቀን ድፍረቴን አሰባስቤ «እንዲያው ለማወቅ ያህል» ብዬ ጀመርኩ። ልጄ በፈተናው እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝና ወሬው በዚያው ቀረ።

ሰማዩ በጉና በኩል መጥቆር ጀመረ። ሁልጊዜ ዕቃ የምገዛባቸው ሽማግሌ ሐጂ የሚበቃኝን ቆርቆሮ ለይተው አስቀምጠውልኝ ነበር። «ልጄ፣ ውሰጂው፤ መንገዱ አይታመንም» ይሉኛል ባዩኝ ቁጥር። እኔ ግን ቆርቆሮውን ከገዛሁ በኋላ የሚተርፈኝ ለአበልጄ ይብቃ አይብቃ አላውቅም። ቤት ሠርቶልኝ ባዶ እጁን ብሸኘውስ? ነገ እጠይቀዋለሁ፣ ከዚያ እገዛለሁ እያልኩ እመለሳለሁ። ነገ ሲደርስም ነገ እላለሁ።

በመሐሉ መንገድ ተዘጋ። ከባሕር ዳር የሚመጣ መኪና ቀረ፤ ተኩስ እየሰማን በር ዘግተን የዋልንባቸው ቀኖችም ነበሩ። ሱቅ ሲከፈት ሮጬ ሐጂው ዘንድ ሄድኩ። ለእኔ ያስቀመጡትን ሌላ ሰው እጅ በእጅ ከፍሎ ወስዶታል። የተረፈው ጥቂት ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ሐጂው አዝነውልኝ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር፤ ምንም አልወቀሱኝም።

ቤት ስገባ አባቴ ድምፄን ሰምተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ አበልጄን ጠርቼ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሲመጣም ለሰላምታው እንኳ ጊዜ አልሰጡትም።

«ና ተቀመጥ፣ ልጄ። የእጅህ ዋጋ ስንት ነው?»

አበልጄ አቀርቅሮ ዋጋውን ጠራ። ስሰማው ጆሮዬን አላመንኩትም። የመጀመሪያው አናጺ ከጠራው ግማሹን አይሞላም። በዚያ ዋጋ ቆርቆሮውንም አሸንዳውንም ሁሉ በጊዜው ገዝቼ ለአባቴ አዲስ ፍራሽ ይተርፈኝ ነበር። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ሥራ ካጣሁ ከርሜያለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ዋጋ ብጠራ ከበደኝ ብለሽ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ ፈራሁ።»

እሱም ፈርቶ ኖሯል። እኔ እሱን ስፈራ፣ እሱ እኔን ሲፈራ ሰንብተን ቆርቆሮው ሄደ። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ፤ ከእሱ ይልቅ ራሴን በጥፊ መምታት ነው ያማረኝ።

በቀረን ብር የተረፈውን ቆርቆሮ ገዛን። የሚሸፍነው የክፍሉን ግማሽ ነው። አበልጄ በመሐል ማገር መትቶ፣ መርጎ፣ ክፍሉን ለሁለት ከፈለውና የአባቴን አልጋ ከቆርቆሮው ሥር አስገባ። ክፍት የቀረውን ግማሽ በላስቲክ ሸፍኖ ድንጋይ ጫነበት። የእጅ ዋጋውን አልቀበልም ብሎ ነበር፤ አባቴ ተቆጥተው አስቀበሉት። ከዚያ በኋላ ከበሬዎቹ ዋጋ የተረፈ ነገር አልነበረም፤ ቀዩም ቡሬውም ግድግዳ ሆነዋል።

ትልቁ ዝናብ ከሰዓት በኋላ መጣ። አባቴ ተጋድመዋል፣ እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እርስ በርስ አያሰማማንም ነበር። ነፋሱ ላስቲኩን ገልቦ ወሰደው፤ ከመሐሉ ግድግዳ ወዲያ ያለው ጭቃ እየራሰ መላቀቅ ጀመረ። ይኼኛውም እንዳይከተል ፈርቼ፣ የምደግፈው ይመስል ሁለት እጄን ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ትልቅ ነገር ዱብ አለ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«ወረደ?» አሉኝ አባቴ።

«ወረደ፣ አባባ።»

ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«የትኛው ይሆን?» አሉኝ። «ቀዩ ነው ቡሬው?»