አከራዩና የካናዳ ፉትቦል

በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት ኦክላንድ ሳለን፣ እኔና ጓደኛዬ ክፍል ፍለጋ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄድን። ሰውየው ካናዳዊ ነው፤ በወጣትነቱ በአገሩ ፕሮፌሽናል የፉትቦል ተጫዋች ነበር። ክፍሉን ያሳየናል ስንል ሶፋ ላይ አስቀምጦ የቡድኑን ታሪክ ከምሥረታው ጀመረልን። እኔ የኛ እግር ኳስ መስሎኝ «በረኛ ነበሩ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የኛው ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ነው» ብሎ ወሬውን ቀጠለ። ክፍሉ እንዳያመልጠን ብለን በየመሀሉ ራሳችንን እንነቀንቃለን።

«ትልቁ ችግራችን» አለ፣ «ዘጠኝ ቡድን ብቻ ባለው ሊግ ውስጥ በኛው ስም የሚጠራ ሌላ ቡድን ነበረ። ሁለታችን ስንጋጠም የዚያም የዚህም ደጋፊ የሚጮኸው አንድ ስም ነው።»

ጓደኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔም የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ አይደለሁ፣ ትንታኔ አማረኝ። «ዘጠኝ ቡድን ላለው ሊግ ዘጠኝ ስም ማግኘት አቃታችሁ? እኛ አገር እንዲህ ያለ ዝርክርክነት የለም» አልኩት።

ሽማግሌው አልተቆጣም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ «ክፍሉ የእናንተ ነው። ለመሆኑ ስማችሁን ማን ልበል?» አለን።

«ተስፋዬ» አልን፣ ሁለታችንም እኩል።