ፋንታውና ያጌጠችው ባጃጅ

ፋንታው ባጃጁን ከገበያው በላይ ባለው የአስናቀ ሱቅ ደጃፍ ሆዷ ተከፍቶ ሲያያት መጀመሪያ ተሰብራ መሰለችው። ጠጋ ሲል ግን ስብራት አላየም። የመብራት ሠራተኛው አስናቀ በርጩማ ላይ ቆሞ በጣሪያዋ ጠርዝ ዙሪያ ሪባን የመሰለ ነገር ይለጥፋል። ናስትሮውን በጥርሱ ነክሷል፤ ካቻቪቴው ከኋላ ኪሱ ብቅ ብሏል። ሾፌሯ ሰላማዊት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ “እዚህ ጋ ተጣመመ፤ እዚያ ጋ ላላ” እያለች ታዘዋለች። አስናቀ ሁለት ሽቦ ሲያነካካ፣ ቀኑ ደመና ነበርና፣ ባጃጇ ከጣሪያ እስከ ጎማ መሸፈኛዋ ወይን ጠጅ ሆና በራች።

ፋንታው ከአጥሩ ጥግ ወዲህ ቆሞ ቀረ። ባጃጇ የእሱ ናት። የጠየቀው ግን የለም፤ የነገረውም የለም።

ሰውየው የጉና ግርጌ ተወላጅ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ገብስና ድንች በበቅሎ ጭኖ ደብረ ታቦር ሲያወርድ፣ ከደብረ ታቦር ጨው ሲያወጣ ኖሯል። መንገዱ ተጠርጎ አይሱዙ ጉናን መውጣት ሲጀምር የበቅሎ ጭነት ሞተ። በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ሸጠ። በመጨረሻ ጥማድ በሬዎቹን ጨምሮበት ከተማ ገባና ያገለገለች ሰማያዊ ባጃጅ ገዛ። እሱ ራሱ አይነዳም፤ አንዲት ክፉ በቅሎ ረግጣው ቀኝ እግሩ እንደ ልብ አይታዘዝለትም። ባጃጇ ብትጠፋ ፋንታው የሚሸጠው ሌላ ነገር የለውም። የኪራይ ቤትና የተረፈ ዕድሜ ገበያ አይወጣም።

ከሰላማዊት በፊት ሁለት ወንዶች ነድተውለታል። አንደኛው ጠጪ ነበር፤ ሁለተኛው ፍሪሲዮኗን አቃጥሎ ጠፋ። ሰላማዊት የጎረቤቱ የፈንታነሽ ልጅ ናት። አራት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ መንጃ ፈቃድ አወጣችና፣ “አያ ፋንታው፣ ለእኔ ይስጡኝ” አለችው። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። አንድም ቀን አልዋሸችውም። አለመዋሸቷ ራሱ አንዳንድ ቀን ያጠራጥረው ነበር።

አሁን ግን የጠረጠረበት ምክንያት ሌላ ነው። በበቅሎ ነጋዴ ዘንድ የታወቀ ሕግ አለ። በቅሎ የምታጌጠው ለሠርግ ነው፤ ወይም ለንግሥ። ሠርግም ንግሥም ሳይኖር ጀርባዋ ላይ ጥልፍ ግላስ ለብሳ፣ ቃጭል አንጠልጥላ ያየሃት በቅሎ ልትሸጥ ነው። የሌላ ሰው በቅሎ በራሱ ገንዘብ የሚያስጌጥ ሰውማ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ሊሸጣት ነው። ፋንታው ይህን ሕግ ከማንም አልሰማውም። እሱና ባልንጀራው ይሻው በጎልማሳነታቸው የአንዲትን በቅሎ ገጣባ፣ ጭነት የላጠውን የጀርባዋን ቁስል፣ በአዲስ ግላስ ሸፍነው ይፋግ ገበያ ላይ ወደ ጣራ ገዳም ለሚሄድ መንገደኛ ሸጠዋት ያውቃሉ። ሰውየው የግላሱን ጥልፍ እያደነቀ ከፈለ። ጀርባዋን አላየም።

በማግስቱ ሰላማዊት ለሥራ ከወጣች በኋላ ፋንታው እንደ ዋዛ ወደ አስናቀ ሱቅ ጎራ አለ።

“እንደምን አደርህ። ይሄ የለጠፍኸው መብራት ባትሪ አይጨርስም?”

“ምኑን አባቴ! ሲበላ እንደ ወፍ ነው።”

“ዝናብስ?”

“ዳር ዳሩን በሲሊኮን ደፍኜዋለሁ። ቢዋኙባትም አይገባም።”

“እንግዲያ ላይላቀቅ ነው በለኛ።”

“ኧረ ይላቀቃል! በአንዲት ሶኬት ነው የያዘው፤ ሳብ ሲያደርጓት ሁሉም ይወርዳል። ሰላም ራሷ ናት፣ ‘ምልክት ሳይተው የሚነቀል አድርገህ ሥራው’ ያለችኝ።”

“ለምን?”

አስናቀ ሳቀ። “እኔ የማውቀው ሽቦ ነው አባቴ። የሰው ሆድ አልፈታ።”

ምልክት ሳይተው! ፋንታው ይህችን ቃል እስከ ቤቱ ድረስ ሲያላምጣት ሄደ። የሌባ በቅሎም እንዲሁ ናት፤ ይፋግ ደርሳ እስክትሸጥ ታጌጣለች፣ ከዚያ ግላሱ ተገፎ ሌላ በቅሎ ትሆናለች።

በዚያው ሳምንት ሰላማዊት ማለዳ ቁልፍ ልትወስድ መጥታ፣ “አያ ፋንታው፣ ለሐሙስ ሊብሬውን ቢሰጡኝ” አለችው።

“ሊብሬውን ምን ልታደርጊው?”

“የቦሎ ማሳደሻው ደርሷል። ላሳድስ።”

“ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።”

“ሰልፉ ረጅም ነው፤ በዚህ እግርዎ…”

“እግሬን ተይው። እግሬ አላማከረሽም።”

ልጅቱ ቁልፉን ወስዳ ወጣች። ሚስቱ ትርንጎ ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች።

“አንተ ሰውዬ፣ ቦሎው ደርሷል እያልህ ስታማርር የከረምኸው አንተው አይደለህም?”

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ።”

“አዎን፤ ሌባ እናትም ልጇን አታምንም” አለችና በሩን ገፍታ ወጣች። ትርንጎ የይፋጓን በቅሎ ነገር ታውቃለች።

ፋንታው ግን ሐሳቡን ቆርጧል። ሾፌር ከማባረሩ በፊት ማረጋገጥ አለበት፤ ማረጋገጫው ደግሞ የነጋዴ ማረጋገጫ ነው፤ ገዢ መላክ። ይፋግ ለሚኖረው ለይሻው ስልክ ደወለለት። ሰላማዊት ይሻውን አይታው አታውቅም።

ይሻው በቅዳሜ ገበያ ጧት የእህቱን ልጅ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ መጣ። ኮቱ ትከሻው ላይ ጠቦት እጅጌው መዳፉን ውጦታል።

“እኔ ባጃጅ ገዢ? ሞተር ሲነሳ የምደነግጠው ሰውዬ?”

“አንተ አታስነሳት። ‘ገንዘብ ይዣለሁ፣ ይህችን ባጃጅ ወድጃታለሁ፣ ትሸጫለሽ ወይ?’ ነው የምትላት። ያለችህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግረኛለህ።”

“እሺ ካለችኝስ?”

“እሺ ካለችህ ዛሬውኑ ቁልፌን እቀማለሁ።”

“እምቢ ካለችኝስ?”

 “አንተ ብቻ ጠይቃት” አለው ፋንታው።

ይሻው ከሄደ በኋላ ፋንታው ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ረፋዱ አለፈ፤ ቀትርም ሆነ። ትርንጎ ምሳ ብታቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። ባልንጀራው ይህን ያህል ለምን ቆየ? ገበያው ከቤቱ ሩቅ አይደለም። ይሻው ደግሞ አፉ ጣፋጭ ነው፤ ከገዢም ከሻጭም የሚበላ ሰው ነበር። ከልጅቱ ጋር ተስማምቶ ቢሆንስ? ይህችን ሐሳብ ካሰባት በኋላ ሊያስወጣት አልቻለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። መጀመሪያ የሰላማዊት ባጃጅ መጣች፤ ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ተከትለዋታል። ሁለት ሾፌሮች ይሻውን በተጣበቀው ኮቱ ኮሌታ ይዘው አወረዱት። ባርኔጣው የለም።

“አያ ፋንታው! ይውጡ! እትዬ ትርንጎ፣ እርስዎም ይውጡ!” አለች ሰላማዊት ዘልላ ወርዳ።  “ሌባ ይዤልዎ መጥቻለሁ!”

ጎረቤቱ ከየደጁ ወጣ።

“ይሄ ሰውዬ ከጧት ጀምሮ ሲዞረኝ ዋለ። ‘ባጃጇን ሽጪልኝ’ ይለኛል። ‘የእኔ አይደለችም፤ ባለቤቷን ላገናኝዎ’ ስለው፣ ‘ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ሊብሬ ባይኖርም ይፋግ ወስደን እንጨርሳለን’ ይለኛል! እሺ ብዬ አሳፈርሁትና ከጓደኞቼ ጋር ይዘነው መጣን። ፖሊስ ጋ ከመውሰዳችን በፊት መልኩን እርስዎ ይዩት ብዬ ነው።”

የሊብሬዋን ነገር ፋንታው አላዘዘም። ይሻው ገበያው ሲደራለት ከራሱ የጨመራት ናት።

“በገመድ እንሰረው” አለ አንዱ ሾፌር።

“ኮቱንም የሰረቀው መሆን አለበት። እጅጌውን አታዩትም?” አለ ሌላው።

 ‘ልቀቁት፤ ሽማግሌ ነው፣ ለእግዜር ብለን እንማረው’ ማለት ፋንታው ይችላል። ይሻው ይለቀቃል፤ ነገሩም በዚሁ ተቀብሮ ይቀራል። ፋንታውም በሠፈሩ ምሕረት የሚያውቅ ሰው ይባላል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

“አንተ ፋንታው” አለ ይሻው አንገቱን ከኮሌታው እየሳበ። “አፍህ የት ሄደ?”

ሰላማዊት አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። “ይተዋወቃሉ?”

“እኔ ነኝ የላክሁት” አለ ፋንታው።

የያዙት እጆች ላሉ። ከጎረቤት አንዲት ሴት “ወይ ጉድ!” ስትል ተሰማች። 

“እኔን ሊፈትነኝ?” አለች ሰላማዊት።

“መብራቱን አየሁት። ሳትጠይቂኝ። ደግሞም ምልክት ሳይተው የሚነቀል ነው አሉኝ።”

“መብራቱን!” ልጅቱ ልትስቅም ልታለቅስም ዳድቷት ተወችው። “አመሻሽ ላይ ከሆስፒታል የሚወጡ ሴቶች አሉ፤ ከትምህርት የሚመለሱም አሉ። የማያውቁት ወንድ የሚነዳው ባጃጅ ውስጥ ብቻቸውን መግባት ይፈራሉ። ባጃጁ ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ ሲጨልም የእኔና የሌላው በምን ይለያል? ‘ያንቺ መሆኗን ከሩቅ የምናውቅበት አንድ ነገር አድርጊ’ አሉኝ። ወይን ጠጅ መብራት በዚህ ከተማ የማንም የለም። የሚነቀል ያስደረግሁት፣ ትራፊክ አውልቂ ቢለኝ ባጃጅዎ እንዳትቦጫጨቅ ነው።”

“ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?”

“ብነግርዎ ምን ይሉኝ ነበር?”

ፋንታው መልሱን ያውቀዋል። ‘ባጃጅ የሠርግ ቤት አይደለችም’ ይላት ነበር። 

ሰላማዊት ቁልፉን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና በእግሯ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

ባጃጇ ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ ቆመች። ሁለት ወንዶች ልንዳት ብለው መጡ፤ አንደኛው ትንፋሹ ጠጅ ጠጅ ይላል፤ ሁለተኛው ገና ሳይቀመጥ ስለ መብራቷ ዋጋ ጠየቀ። ፋንታው ሁለቱንም ሸኛቸው። በሦስተኛው ቀን ትርንጎ፣ “ሽማግሌ ላክ እንጂ፤ የበደለ እኮ ነው የሚልክ” አለችው። ኩራቱ ተናነቀው፤ ቢሆንም ወግ ወግ ነው። የሚልከው ሰው ደግሞ የነገሩን ሥር የሚያውቅ መሆን አለበት።

እንዲህ ሆኖ ይሻው፣ ቅዳሜ በኮሌታው የተጎተተው ሰውዬ፣ ረቡዕ ዕለት ነጭ ጋቢ ደርቦ ከአንድ ቄስ ጋር በፈንታነሽ ደጅ ሽማግሌ ሆኖ ቆመ። ሰላማዊት ስታየው ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

“ባርኔጣዎን አገኙት?” አለችው።

“የባርኔጣውን ነገር በኋላ እንዳኛለን፤ አሁን የመጣነው በፋንታው ነገር ነው” አለ ይሻው ኮስተር ብሎ።

ሲመለስ ለፋንታው ቃሏን አደረሰለት። “ካሣ አልፈልግም ብላለች። ‘ይቅር በይኝ’ም እንድትላት አልጠየቀችም። አንድ አመሻሽ ከኋላዋ ተቀምጠህ አብረሃት ትዞራለህ። የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው።”

“ይህን ብቻ? ለምን ይህን ብቻ?”

“ኧረ እግዚኦ!” አለ ይሻው። “ሂድና እየው።”

ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፋንታው በገዛ ባጃጁ የኋላ ወንበር ጥግ ተቀመጠ። ዓመት ሙሉ ተቀምጦባት አያውቅም። ሰላማዊት መብራቱን አበራች፤ ጉልበቱ ላይ ያለው ጋቢ ወይን ጠጅ ሆነ። አፈረ። መንገዱ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን መሰለው። ‘ሴቶቹን አስቀድማ ነግራቸው ቢሆንስ?’ የሚለው ሐሳብም አልለቀቀውም።

ከሆስፒታሉ በር ማዶ፣ ከአንድ ሱቅ ክፈፍ ሥር፣ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ፋንታው ገና ከሩቅ ዓይኑን ጣለባቸው። ከፊታቸው አንድ ባጃጅ ቆመላቸው፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው ፍጥነቱን ቀንሶ ጮኸላቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። የሰላማዊት ባጃጅ ከመታጠፊያው ብቅ ስትል ግን ከሦስቱ አንዷ ወይን ጠጁን መብራት እንዳየች እጇን አነሣች። ሾፌሯን ከዚያ ርቀት ልታያት አትችልም።

ቆመችላቸው። አንዷ የቀን ድካም እግሯን ያሳበጣት አስታማሚ ናት፤ በፌስታል ሳህንና ብርድ ልብስ ይዛለች። ሁለቱ በመልካቸው እኅትማማች ይመስላሉ። የኋላ ወንበር ሦስት ሰው ይይዛል፤ አንዱን ፋንታው ይዞታል።

ሰላማዊት ዞር ብላ “አያ ፋንታው…” አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

እሱ መጀመሪያ ደህናውን እግሩን፣ ቀጥሎ ሌላውን አወረደ።

“አባባ፣ ኧረ ይቀመጡ! እኔ ሌላ እጠብቃለሁ” አለች ባለ ፌስታሏ።

“ግቢ ልጄ፣ ይጨልምብሻል።”

“አድርሻቸው መጥቼ እወስድዎታለሁ። ከዚህ እንዳይሄዱ” አለች ሰላማዊት።

“ትመለሻለሽ?”

መልሷን የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ፋንታው ክፈፉ ሥር ገብቶ ግድግዳውን ተደገፈ። ከጉና የሚወርደው ብርድ እግሩን ይጠዘጥዘው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባጃጅ ቆመለት።

“አባት፣ የት ላድርስዎ?”

“የለም፣ እለፍ።”

ሁለተኛውም ቆሞ ጠየቀው፤ እሱንም በእጁ አሳለፈው። ቁልቁለቱን አየ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ፌስታል የያዘችዋ አስታማሚ ቤቷ የት እንደሆነ ባለመጠየቁ ተናደደ፤ ሩቅ ቢሆንስ? ሦስተኛው ባጃጅ ሲመጣ ሾፌሩ አጠገቡ ድረስ ተጠግቶ፣ “አባቴ፣ በዚህ ብርድ ማንን ነው የሚጠብቁት?” አለው።

“ሾፌሬን” አለ ፋንታው፤ ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳበና ዓይኑን ወደ መታጠፊያው መለሰ።