እጅሽ ቀለም አይዝም

ለነፍስ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይቺን አንዷን እየዘለልኳት ነው የኖርኩ። ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ፣ በሐሰት መማሌን ተናግሬያለሁ። ይቺን ግን እስካለፈው ክረምት ድረስ ለማንም፣ ለሚስቴ እንኳ፣ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። ሰምታችሁ ብትፈርዱብኝ አልቀየምም።

ኃጢአቴን የሠራሁት በአንድ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ ነው። ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ። ሳጥኗ የእናቴ አይስቦክስ ነበረች። እናቴ አራዳ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ትሸጥ ነበር። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው በእንግዳ ስለሚጥለቀለቅ «እስቲ ይቺን የገረጣች ሳጥን ቀለም ቀቡልኝ፣ ሰው ከሩቅ ይያት» አለችን፣ ለእኔና ለታናሽ እኅቴ ለትርንጎ።

በዚያ ሰሞን የአባታችን ታላቅ ወንድም አያ መልኬ በዓሉን ከእኛ ጋር ሊውል መጥቶ ነበር። አያ መልኬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እየሣለ የሚኖር ሰው ነው። ይህን ሲሰማ፣ «ትርንጎ ትሣልባት። ከሠመረላት ከበዓሉ ኋላ ማክሰኝት ለጀመርኩት የቤተ ክርስቲያን ሥራ እሷን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። ሴት ናት አላለም፣ ልጅ ናት አላለም። እኔስ? በመጣ ቁጥር ብሩሹን የማጥብለት፣ ቀለሙን የምበጠብጥለት እኔስ? ምነው እኔን አላየኝ? ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩና አንጀቴ እርር አለ።

ትርንጎ ሥራዋን ታውቅ ነበር። ፕላስቲክ ልሙጥ ስለሆነ ካላሻከሩት ቀለም አይዝም። ሳጥኗን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገቻት፣ በሳሙና አጠበቻት፣ እንድትደርቅ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻትና ብሩሽ ልትገዛ ወጣች። እኔ የእናቴን ቫዝሊን አነሳሁ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን የዚያን ቀን እኛ ግቢ አልነበረም። በጨርቅ ስስ አድርጌ ቀባኋት፣ እንዳይታወቅብኝ ወለወልኳት። ቀለም ቅባት ላይ እንደማይዝ አሳምሬ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ቀባኋት። የገዛ ወንድሟ ሆኜ ቀባኋት።

እሷ ተመልሳ ሣለች። ሁለት ወፎች ፊት ለፊት አስቀመጠች፣ ዙሪያቸውን በቀይና በአረንጓዴ ሐረግ አስጌጠች። እናቴ እልል አለች። እኔም «እጅሽ ይባረክ» አልኳት። ይሄን አፌን ምን ልበለው?

በከተራ ዕለት በረዶው ከውስጥ፣ ፀሐዩ ከውጭ ሲሆን ሳጥኗ አላባት። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ጀመረ። ውሃ ልትገዛ ጠጋ ያለች አንዲት ሴት አዲሱ የበዓል ቀሚሷ ላይ አረንጓዴው ተለጠፈባትና፣ «ኧረ ቀሚሴን! ምን ዓይነት ጉድ ነው?» ብላ ጮኸች። እናቴ በሰው ፊት ጎንበስ ቀና እያለች ይቅርታ ጠየቀች። ትርንጎ የወፏን ክንፍ ቁራጭ በመዳፏ ይዛ ቆማ ቀረች። አያ መልኬ የሚያውቀው ሸራና ግድግዳ እንጂ ፕላስቲክ አይደለምና ተንኮሉ አልገባውም። ሳይቆጣ፣ እያዘነላት፣ «አይ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ቀለም አይዝም» አላት።

ያኔ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? እኔ ግን ምን አደረግሁ? አጽናናኋት! «አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ሠዓሊ አይሆንም» አልኳት። ከቀባሁት ቫዝሊን ይልቅ ይቺ ቃሌ ናት የምታንገበግበኝ። ከዚያም ማክሰኝት የሄድኩት እኔ ሆንኩ። ሙያውን የተማርኩት፣ ዛሬ አራዳ ውስጥ የማስታወቂያ ሠሌዳ እየሠራሁ ልጆች የማሳድገው በዚያ ነው። ትርንጎ ዳግመኛ ብሩሽ አልነካችም፤ ተምራ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ገባች። ያቺ የአያ መልኬ ቃል የቤታችን ቀልድ ሆና ቀረች። ትርንጎ ወጥ ባፈሰሰች ቁጥር «እጅሽ ቀለም አይዝም» ይባላል፣ ሁሉም ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት መውጫ ትርንጎ ቁስቋም ሰፈር የሠራችው ቤት አለቀና ደወለችልኝ። «አያ፣ መጥተህ የግቢዬ በር ላይ አንድ ሁለት አበባ ጣል አድርግልኝ፤ እኔማ እጄ ቀለም አይዝም» አለችኝ እየሳቀች። ቀለሜን ይዤ ሄድኩ። ብሩሼን ይዤ በሩ ፊት ቆምኩ፤ መጀመር ግን አቃተኝ። ሌላ ሰው ሲቀልድባት ችዬው ኖሬያለሁ። እሷ ራሷ አምናበት፣ ስለ ራሷ ስትናገረው ግን አልቻልኩም። እዚያው በሩ ላይ ሁሉንም ነገርኳት።

«እግዜር ይይልህ፣ አያ» አለች። ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ምኑን ነው ይቅር የምልህ? ምን እንደወሰድክብኝ መች አወቅሁና! እስቲ መጀመሪያ ልየው» አለችና ብሩሹን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ናት። የመጀመሪያዋ ወፍ ዶሮ መስላ ወጣች፤ ትርንጎ ራሷን ሰድባ በነጭ ጋዝ አጠፋቻት። ሁለተኛዋ አንገቷን ቀና አደረገች። አሁን ሐረጉ ከታች ተነስቶ እስከ በሩ ወገብ ደርሷል። ቁስቋም ለመሳለም የሚያልፉ ሰዎች ቆመው «ሸጋ ነው! የማን እጅ ነው?» ሲሏት «የኔ ነው» ትላለች። የሙያው ሰው ነኝና ልመስክር፦ እኔ እንዲህ ያለ ሐረግ ሥዬ አላውቅም። ያኔ ማክሰኝት የሄደችው እሷ ብትሆን ኖሮ የት በደረሰች ነበር!

ይቅር እስካሁን አላለችኝም። እናንተም ይቅር በይው እንድትሉልኝ አልለምንም፤ የተበደለችው እሷ ናት። ልጅ ነበርኩም አልልም፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። በሩ ባማረ ቁጥር በደሌ ይገዝፋል። ይግዘፍ ግዴለም፤ ብቻ እሷ ብሩሹን አትተወው።