የረጠበ ሽንኩርት

ሰመራ ውስጥ ሽንኩርት ልገዛ ጎንበስ ስል የረጠበ ሽንኩርት ሸተተኝ። ባለሱቁ ምን ነካሽ እያለኝ ትቼው ወጣሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ከወሎ ተራሮች በሚወርደው የሚሌ ወንዝ ዳር ትንሽ የሽንኩርት እርሻ ነበረን። ሐምሌ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባቴ ሽንኩርቱን ነቅሎ እንዲደርቅ እዚያው እርሻው ላይ ዘርግቶታል። ጠዋት አክስቴ ከአባቴ የትውልድ አገር ከወሎ ደወለች። "ወንድምዬ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዘንብልን ዋለ!" አለችው።

"አልሐምዱሊላህ! ለስንት ጊዜ ዱዓ አደረግን!" አለና አቅፎ አሽከረከረኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ሐጂ፣ የአፋሩ ሽማግሌ፣ ፍየሎቻቸውን ከወንዙ እያራቁ መጡ። "ሽንኩርትህን አሁኑኑ አንሳ" አሉት።

አባቴ ሰማዩን አሳያቸው፤ አንድ ደመና የለም። "ሁለት ቀን ብቻ ይድረቅልኝ፣ ሐጂ።"

"እኛን የሚበላን የሰው አገር ዝናብ ነው" ብለው ሄዱ። ያኔ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው ጠራራ ፀሐይ፣ ወንዙ ቀልቶ ከአፉ እስከ ገደፉ ሞልቶ መጣና እርሻችን ላይ ወጣ። እናቴ እየጮኸች ጎርፉ ውስጥ ገብታ የቻለችውን ሽንኩርት በቀሚሷ ታፍሳለች። አባቴ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ጎርፉ ያመጣውን ጭቃ በጣቱ አሸት አደረገና "ያገሬ አፈር ነው" አለ።

ከዚያ ወዲህ ምንም ዘርቶ አያውቅም። ዛሬ የሰው ሆቴል በር ይጠብቃል። ክረምት ገብቶ አክስቴ መዝነቡን ልታበስር ስትደውል ግን አያናግራትም፤ ስልኩን ያቀብለኛል።

አልሐምዱሊላህ የምላት እኔ ነኝ።