የጽጌ ቀኝ እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ትምህርት ቤት ስትሯሯጥ ወድቃ ቀኝ እጇ በጄሶ ታሰረ። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃት የቤት ሥራዋ ነበር። ራት ከበላን በኋላ ደብተሯን ፊቴ ዘርግታ፣ «እማዬ፣ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊልኝ። ግን እኔ ያልኩሽን ብቻ፤ ከራስሽ እንዳትጨምሪ» አለችኝ። ትምህርቱ ስለ ተክል ነበር። እሷ ስለ ሥርና ስለ ቅጠል እየነገረችኝ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ደጅ የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ትንሽ እንደቆየን ሳላስበው እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አንዲት ጓደኛዬ ትዝ ብላኝ ነው።»

ልጄ ሌላ አልጠየቀችኝም፤ የቸኮለችው ለቤት ሥራዋ ነው። እኔ ግን ያን ቀን የጀመረኝ ትዝታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የተወለድኩት ፍስሐ ገነት ነው። አባቴ ሱቅ ነበረው፤ በመኸር ደግሞ ቡና ይገዛል። ገና ዳዴ ስል የያዘኝ የልጅነት ልምሻ ግራ እግሬን አቅጥኖ ስላስቀረው በክራንች ነው የምሄደው። ፍስሐ ገነት ትንሽ ከተማ ናት። ሰው ሁሉ የባለሱቁ ልጅ እያለ ያውቀኛል፤ እግሬንም ከእኔው ጋር ለምዶታል። እናቴ ረዥም ቀሚስ ታሰፋልኛለች፣ ስለ እግሬ ቤት ውስጥ አይወራም፣ ሰውም አያነሳውም። «አካል ጉዳተኛ» የሚለውን ቃል በሬዲዮ ስሰማው ስለ ሌሎች ሰዎች የሚወራ ይመስለኝ ነበር። ደግሞም እውነቱን ለመናገር በዚያች ከተማ ውስጥ የማልደርስበት ቦታ አልነበረም፤ ቤቱ ሁሉ ምድር ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ቅርባችን ያለው ዲላ በመሆኑ ቤታችን ደስታ ሆነ። አባቴ ራሱ አደረሰኝ። ጊዜው የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ከይርጋ ጨፌ ወዲህ መንገዱ እየተጠማዘዘ በእንሰትና በዋርካ ጥላ ሥር ሲወርድ፣ ግራና ቀኙ የተዘረጋው እሸት ቡና በማድረቂያ አልጋው ላይ ቀይ ምንጣፍ መስሎ ይታያል። በየወንዙ ዳር ካሉት ቡና ማጠቢያዎች የሚመጣው ከፍሬው የተላጠ የገለፈት ሽታ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ፣ በአውቶቡሱ መስኮት ይገባል። እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይይዝበታል። እኛ ግን ያደግንበት ነው፤ ዛሬም ሲሸተኝ መስኮት እከፍትለታለሁ።

የመኝታ ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረሰኝ። አባቴ ሻንጣዬን ይዞ ከደረጃው ሥር ቆመና ወደ ላይ አየ። ለረዥም ጊዜ አየ።

«ይኼን በየቀኑ ልትወጪ? ነይ እንመለስ፣ ልጄ። ሱቁ አለ፤ ምን ጎደለብሽ?»

የመኝታ ሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ፣ ሰምታው ኖሮ፣ «አባባ፣ ችግር የለም። ቢሮ አለ፤ እዚያ ሄዳ ትመዝገብና ምድር ቤት ትቀየራለች» አለችው።

«የምን ቢሮ?»

«የአካል ጉዳተኞች።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም። «ደረጃውን እችለዋለሁ» አልኩ። ያኔ አንዲት ቀጭን ረዥም ልጅ ከላይ እየሮጠች ወረደችና ሻንጣውን ከአባቴ እጅ ተቀበለች። «የእኛ ክፍል ናት አይደል? እኔ ጽጌ እባላለሁ። አባባ፣ ይሂዱ ግዴለም፤ እኛ አለን» አለችው። አባቴ እንባውን ሳያሳየኝ ሄደ።

ድልድሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለነበር እኔ ትዕግሥት፣ ጥሩነሽና ጽጌ አንድ ክፍል ገባን። በአማርኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ሦስታችንም ለየብቻ ነበርን። አንዳንዴ ይህን ሳስብ እገረማለሁ፤ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ነገር እንዲህ ቀጭን ነው።

ጽጌ ከጎንደር፣ ከእብናት የመጣች የባዮሎጂ ተማሪ ነበረች። ንግግሯ ፈጣን ነው፤ ሳቋ ደግሞ ከንግግሯ ይቀድማል። ጥሩነሽ እዚሁ ዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ወንዴና ሴቴውን ትቀላቅለዋለች፤ እኛም እየቆየን እንደ እሷ ማውራት ጀመርን። ቅዳሜ ቤቷ ሄዳ እሑድ ስትመለስ ቆጮ በጎመን፣ ከጓሯቸው የተቀጠፈ አቮካዶ፣ አንዳንዴም ሙዝ ይዛልን ትመጣለች። አልጋ ላይ ቁጭ ብለን አቮካዶውን በማንኪያ ስንጠርግ የግቢውን ምግብ ሳምንቱን ሙሉ እንረሳዋለን።

ደረጃውን እችለዋለሁ ያልኩት እኔ ብሆንም የቻልነው ሦስታችን ነበርን። ውሃ የምታመጣልኝ ጥሩነሽ ናት። ጠዋት ስንወርድ ጽጌ መጽሐፌን በብብቷ ይዛ ከፊቴ ትቀድማለች። «ብትወድቂ እኔ ላይ ነው የምትወድቂ፤ እኔ ደግሞ አልወድቅም» ትለኛለች። የእኔ ትምህርት የሚሰጥበት ሕንፃ ሌላ ደረጃ አለው። እዚያ ጽጌ የለችም፤ ብቻዬን ስወጣ የምደርሰው መምህሩ ከጀመረ በኋላ ነው። አርፍጄ ስገባ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አንዳንድ ቀን ከመታየት መቅረት ይሻላል ብዬ ቀርቻለሁ።

«ለምን አትመዘገቢም?» አለችኝ ጽጌ አንድ ቀን።

«ምን ብዬ?»

«እግሬን ያመኛል ብለሽ ነዋ።»

«አያመኝም።»

«እሽ፣ ተይው» አለችና ልብሷን ማጣጠፍ ቀጠለች። ጽጌ ሰው ላይ አትጫንም። ሌላም ያልነገርኳት ነገር ነበር፤ ምድር ቤት ብቀየር ከእነሱ መለየቴ ነው። ያ ከመዝገቡ እኩል ያስፈራኝ ነበር።

ከዚያ የቡና አበባ ወቅት መጣ። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ኮረብታው በአንድ ሳምንት ነጭ ለብሶ፣ ሽታው በመስኮታችን እየገባ መጽሐፍ አላስነብብ ይለን ነበር። አበባው ረገፈና የበልጉ ዝናብ ጠነከረ። የዲላ አፈር ቀይ ነው፤ ሲረጥብ ጫማ ላይ ይጣበቃል። ሰው በጫማው ያመጣው ጭቃ ደረጃውን ሳሙና አድርጎታል።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ጽጌ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እየወረድን የክራንቼ ጫፍ ሸተት አለ። እንዳለችውም እሷ ላይ ወደቅኩ። እሷ ግን ወደቀች። ሁለታችንም ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተከምረን ስንቆም መጀመሪያ የሳቀችው ጽጌ ናት። «አንች ደኅና ነሽ?» አለችኝ። ደኅና ነበርኩ፤ ቀሚሴ ብቻ ተቀዷል። ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለ። ግድግዳውን ልትይዝበት የዘረጋችው ቀኝ እጇ ከአንጓው ተሰብሮ ነበር።

ከሐኪም ቤት በጄሶ ታስራ ስትመለስ የመጨረሻው ፈተና ደርሶ ነበር። ሦስታችንም አንድ አልጋ ላይ ቁጭ አልን። ጽጌ ጄሶውን እያየች፣ «እኔ እጅ የለኝ፣ አንች እግር የለሽ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው አይወጣን» አለች። ጥሩነሽ ቆጮውን ከፌስታሉ እያወጣች፣ «እኔ አለሁ አይደል፣ ትሞላለች» ስትል ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። በሳቁ መሐል ግን ጽጌ መጻፍ ካልቻለች ዓመቱ እንደሚቃጠልባት፣ አባቷም ሁለተኛ እንደማይልካት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ጽጌ ወደዚያ ወደ አካል ጉዳተኞች ቢሮ ልሂድ አለች። «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ።

ቢሮው ገና አዲስ ነበር፤ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ውስጡ የተቀመጡት አቶ በየነ ዓይነ ስውር ናቸው። ጽጌ ከበሩ ሳትርቅ፣ «እጄ ተሰብሯል፤ መጻፍ አልችልም፤ ፈተና ደግሞ ደርሷል» አለች። እንዲህ በአጭሩ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምንም አልከበዳትም፤ ፀሐይ ወጥታለች እንደ ማለት ነበር። እሳቸውም ነገሩን በቀላሉ ወሰዱት። ምድር ላይ ያለ ክፍል፣ ተጨማሪ ሰዓት፣ የምትነግረውን የሚጽፍላት ሰው ይሰጣታል። «ጸሐፊው ግን ከሌላ ትምህርት ክፍል መሆን አለበት» አሉ።

«እኔ አካውንቲንግ ነኝ» አልኩ።

አቶ በየነ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ጥሩ። ክራንቹስ የማነው? ስትገቡ ሰምቻለሁ።»

«የእኔ ነው። እኔ ግን እሷን አጅቤ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» አሉ።

ጽጌን አየኋት። በሌላ ቀን ቢሆን በእኔ ፈንታ ትመልስ ነበር። ያን ቀን ግን የታሰረ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች መስኮቱን ታያለች። ከደጅ የዝናቡ ድምፅ ይሰማል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና፣ «እኔንም ይመዝግቡኝ» አልኩ።

«ምን ያስፈልግሻል?» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚጠይቀኝ «ምን ሆነሽ ነው?» እያለ ነው። ምን ያስፈልግሻል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አስቤ አስቤ፣ «ትምህርቱ ምድር ላይ ቢሆንልኝ» አልኩ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ለራሴ ይሰማኛል።

«ሌላስ?»

«መኝታ ክፍልም» አልኩ። ጽጌ ያኔም አልዞረችም፤ ጤነኛ እጇን ግን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

የፈተናው ቀናት በሕይወቴ ከምናፍቃቸው ቀናት ናቸው ብል ማን ያምነኛል? አንዲት መምህርት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። ጽጌ ዓይኗን ጨፍና በሹክሹክታ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከባዮሎጂ ቃላት አንዱንም አላውቅ። ከባዱን ቃል ፊደል በፊደል ስትቆጥርልኝ ልክ እንደ ሕፃን ከከንፈሯ እቀበላለሁ። የሥዕል ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ «ወደ ላይ፣ አይ ትንሽ ወደ ግራ፣ ክብ አድርጊው፣ ድንች አታስመስይው» ትላለች፤ መምህርቷም ሳቋን ለመደበቅ ወደ ደጅ ትዞራለች። እኔ ስጽፍ ጽጌ የታሰረ እጇን ጣቶች ታንቀሳቅስ ነበር፤ አብራኝ የምትጽፍ ይመስል። ውጤቱ ተለጥፎ ማለፏን ስናይ በጤነኛ እጇ አንገቴን አንቃ ይዛኝ ቆየች። «አለፍን» ነው ያለችው። አለፍኩ አላለችም።

በሁለተኛው ዓመት ምድር ቤት ተዛወርኩ። ክፍሌን የተጋራኋቸው ልጆች ጥሩ ነበሩ። የእኛ ትምህርትም ምድር ላይ ወረደ፤ መምህሩ ሳይገባ ቁጭ ብዬ እጠብቀው ጀመር። አንድም ቀን አልቀረሁም። ዛሬ የማገኘው እንጀራ ከዚያ የመጣ ነው፤ ቀድሜ በተመዘገብኩ የምለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ማታ ማታ ጥናት ላይ ሆኜ ከላይ መስኮት የጽጌ ሳቅ ሲወርድ እሰማለሁ። ምን አስቋት ይሆን እላለሁ። ነገ ትነግረኛለች፤ የተነገረ ሳቅ ግን የቀዘቀዘ ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳያግዘኝ፣ አንድ አንድ ደረጃ እያልኩ ወጥቼ በሩን አንኳኳለሁ። «አበደች» ትላለች ጥሩነሽ፣ አልጋዋ ላይ ቦታ እየለቀቀችልኝ።

ኋላ የባዮሎጂ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ግቢ ተዛወሩና ጽጌን የማያት በሳምንት ሆነ፤ ከዚያ በወር። ስንመረቅ መናኸሪያ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ በሞተሩ ጩኸት አንዱም አልተሰማኝም፤ እሺ፣ እሺ እያልኩ ብቻ እጄን አወዛወዝኩ።

እኔ ዲላ ቀረሁ፤ ሥራም ትዳርም እዚሁ ሆነልኝ። ጥሩነሽ ጪጩ ታስተምራለች፤ ገበያ ስትወጣ ጎራ ትላለች። ጽጌም በአገሯ መምህርት ሆነች። ዓመቱ ሲገባ፣ በፋሲካ፣ አንዳችን ስንወልድ እንደዋወላለን። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችልኝ በአገሯ ነገር መረበሽ ከጀመረ ወዲህ ነው። ስለ ጭንቀቱ ብዙም አላወራችም።

«ጉልበቴን ያመኝ ጀምሯል፣ አንች። የማስተምርበት ክፍል ፎቅ ላይ ነበር። ሄጄ ጠየቅሁና ምድር ላይ ሰጡኝ።»

«ጎበዝ» አልኳት።

«ምን ጎበዝ አለው? መጠየቅን የተማርሁ ካንች ነው። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ድምፅሽ እየተንቀጠቀጠ ስትጠይቂ ሰምቼ።»

ሳቅኩ። አይደለም፣ የተማርኩትስ እኔ ካንቺ ነው፤ አንቺ ከበሩ ላይ ሆነሽ እንዲያ በቀላሉ ስትናገሪ ሰምቼ ነው ልላት ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል አልገባም። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በነጋታው አካባቢው ኔትወርክ የለውም፤ ከዚያም ወዲያ ስልኳ ዝግ ነው።

ጥሩነሽ፣ «ጽጌ ደኅና ናት» ትለኛለች፤ ከማን ሰምታ እንደሆነ አልጠይቃትም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እደውላለሁ፤ ያች የስልኩ ሴትዮ ያንኑ ትደግምልኛለች። ስልኩ የገባ ቀን ስለ ልጆቹም፣ ስለ ጉልበቷም፣ ስላለፈውም እንደርስበታለን። አስቀድሜ ግን ያን ቀን የተቋረጠብኝን ዓረፍተ ነገር እጨርስላታለሁ።