ከግድግዳዬ ስር የነበረው ሣር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተንፍሼው አላውቅም። ሚስቴም ሳታውቀው ሞተች። ፊደል እምብዛም አልቆጠርኩም፣ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ወደ አቃቂ የመጣው ከባቡሩ ሥራ ጋር ነው። ከእኛ በፊት መሬቱ የእነቱፋ ነበር። ቱፋ ኦሮሞ ገበሬ፣ ጎረቤቴና እኩያዬ ነው። የአባቱ መቃብር በድንጋይ ተከቦ ከግቢዬ ጥግ ነበር። ደርግ በወደቀ ሰሞን ቤት ስሠራ ድንጋይ አጠረኝ። ግንበኛው መቃብር አልነካም ብሎ ሄደ። እኔ በገዛ እጄ የመቃብሩን ድንጋይ ፈልቅቄ መሠረት አደረግኩት፤ ቤቱንም መቃብሩ ላይ አቆምኩት።

ቱፋ አልከሰሰኝም። እንደ ወገኖቹ ልማድ ለመቃብሩ ያኖር የነበረውን እርጥብ ሣር ከግድግዳዬ ስር ማኖር ጀመረ። ጎንበስ ብሎ ያኖርና፣ ተሰማ ደህና አደርክ ወይ ብሎኝ ይሄዳል። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር መጣ። ነባሩ ሕዝብ ከመሬቱ እንዴት እንደተገፋ፣ ሰፋሪው እንዴት እንደተተካ ነው የሚያጠናው። የሰፈሩ ሽማግሌ ነው ብለው ወደ እኔ ላኩት። ቱፋም ሰምቶ ኖሮ ጋቢውን ለብሶ መጣና ከደጃፌ ቆመ። ፕሮፌሰሩ ከእናንተ በፊት እዚህ ማን ነበር ሲለኝ፣ ቀበሌው ይዞታ የሚለካበት ጊዜ ነበርና ለቤቴ ፈራሁ። መፍራት ምክንያት ይሆናል?

"ማንም አልነበረም። ባዶ ሜዳ ነበር" አልኩት።

"ይሄን ሣርስ አባባ፣ ማን አስቀመጠው?"

"ከላም አፍ የወደቀ ነው።"

ቱፋ በሰው ደጅ ባለቤቱን አያቋርጥም፤ ተራውን ጠበቀ። እኔ ተራ አልሰጠሁትም። ፕሮፌሰሩን ክንዱን ይዤ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ስመለስ ቱፋ እዚያው ቆሟል።

"ተሰማ፣ አባቴ ላይ ተኛህ፣ ቻልኩት። ባዶ ነበር ግን አትበል።"

ከዚያ ወዲያ ሣር አላመጣም። ሲሞት ከአባቴ ጎን ቅበሩኝ ብሎ ነበር አሉ። የቱ ጎን? ጎኑ የእኔ መኝታ ቤት ነው። ልጆቹ ሌላ ቦታ ቀበሩት፤ እኔም ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። አፌን ግን አልከፈትኩም።

በማግስቱ ሣር አጭጄ ከግድግዳው ስር አኖርኩ። ሳይመሽ ላም በላችው።

ልጆቹን ጠርቼ ቤቱን አፍርሱት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አሁንም እሳሳለታለሁ። ታዲያ በምን አፌ ይቅር በሉኝ ልበል? ዛሬም የምተኛው እዚያው ነው።